ለዋሻ ሚካኤል አንድ የመንገድ ምልክት

ይድረስ ለአዲስ አበባ ከተማ የባህልና የቱሪዝም ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ የካ ነው። ላሊበላን ሁለት ጊዜ ተሳልሜያለሁ። ሁለቴም ገንዘብ አጠራቅሜ፣ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ነው የሄድኩት። ከሰፈሬ በላይ፣ የካ ተራራ ላይ፣ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ግን ያወቅኩት ባለፈው ጥቅምት ነው። ዋሻ ሚካኤልን ማለቴ ነው።

የነገረችኝ ሁሌ ቡና የምጠጣባት ልጅ ናት። «የካ ተወልደህ ዋሻ ሚካኤልን አታውቅም?» አለችኝ። አፈርኩ። በማግስቱ እሑድ ስለነበር ከታናሽ እህቴ ጋር ወጣን።

ዳገቱ ያለፋል። ባሕር ዛፉ መሐል መንገዱ ይከፈላል፤ የቱን እንደምንይዝ የሚጠቁም ነገር አላየንም። በግምት በቀኝ ሄድን። ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናት «ልጆቼ፣ በዚህ አይደለም፣ በግራ ነው» ብለው መለሱን። ያን ሁሉ ሸክም ጀርባቸው ላይ እንዳለ ቆመው ነው ያስረዱን።

ስንደርስ መጀመሪያ ምንም የሚታይ የለም። ጠጋ ሲሉ ነው አለቱ ወደ ታች ተቆርጦ ግድግዳ፣ በርና መስኮት ሆኖ የሚገኘው። ቀና ስንል ጣሪያ በሚጠበቅበት ሰማይ ነው። ክረምቱ ትቶት የሄደው ውሃ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ ግድግዳው በውሃው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል። እህቴ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፋች፣ እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈችና ዝም አለች። እኔም ነካሁት። ይቀዘቅዛል፣ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። ሰው በመሮ እየመታ፣ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ ነው የሠራው። አንድ ቦታ ቢሳሳት መልሶ የሚለጥፈው ድንጋይ የለውም።

የአካባቢው አባቶች ዕድሜውን ከአብርሃ ወአጽብሃ ዘመን ያደርሱታል። አጥኚዎች ወደ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቀርቡታል። የቱም ይሁን፣ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ከተማዋ ከመኖሯ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት እዚህ ተራራ ላይ ሰው ያስቀድስ ነበር ማለት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው ያደግኩት። ልጆቻችን እንደዚያ እንዲያድጉ አልፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ከተማዬን ዞር ዞር ብዬ ማየት ጀምሬያለሁ። መስቀል አደባባይ ዳር ያለውን የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤልን ቤት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን፣ ስንት ደመራ በአጠገቡ አልፌ ገብቼበት አላውቅም ነበር። ገባሁ። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ የዛሬው ጉዳዬ ተራራው ነው።

የምለምናችሁ ከቤተ ክርስቲያኒቱና ከቅርስ ባለሙያዎች ጋር እንድትመካከሩ ነው። ከሁሉም በፊት ስለ ውሃው። በየክረምቱ እየተኛበት አለቱ እስከ መቼ ይችለዋል? መፍትሔውን የሚያውቁት ባለሙያዎች ናቸውና እነሱ ሳይናገሩ ሲሚንቶ እንዳይነካው አደራ። ካፌም፣ የመብራት ጌጥም አያስፈልገውም። ጸጥታው ራሱ ውበቱ ነው። የሰፈሩ ወጣቶች ደግሞ ታሪኩን ተምረው እንግዳ ቢያስጎበኙ ለእነሱም እንጀራ ይሆናል። የየካ ተማሪዎችም በዓመት አንድ ቀን መምህራኖቻቸው ይዘዋቸው ይውጡ። እንደ እኔ ጎልማሳ እስኪሆኑ አይጠብቁ።

የመንገድ ምልክቱም ጉዳይ አለ። ከታች ከታክሲ መውረጃው ጀምሮ እስከ ላይ አራት አምስት ሰሌዳ ይበቃል። የመጀመሪያው ግን እኚያ እናት ሸክማቸውን እንደያዙ ቆመው በመለሱን መገንጠያ ላይ ይተከልልን። ቦታውን መጥቼ አሳያችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የየካ ነዋሪ