ምዕራፍ መጨረስና ሳይንስ ማስተማር ለየቅል ናቸው

ክቡር አዘጋጅ፣

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው መምህሩ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያስደነግጣል፤ አልከራከርም። የሳይንስ መምህር ክፍል ገብቶ ምን እንደሚገጥመው ግን የጠየቀ የለም።

በሰሜን ሸዋ ደጋ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሥርዓተ ትምህርቱ ተማሪው ራሱ እንዲለካ፣ የተማረውን ከአካባቢው ጋር እንዲያገናዝብ ይላል። እሰየው ነው። እኔም ዘጠነኞችን ሰብስቤ ከሰል ምድጃ ላይ ውኃ ጣድን። ቴርሞሜትሩ (ለመላው ክፍል ያለን አንድ ነው) 90 አካባቢ ደርሶ አልንቀሳቀስ አለ፤ ውኃው ግን ይንተከተካል። ልጆቹ በቃላቸው የያዙት 100ን ነውና ዞረው እኔን አዩኝ። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ስነግራቸው፣ ከቆላው ሸዋሮቢት የመጣች ልጅ «ለካ ለዚህ ነው እዚህ ባቄላ አልበስል የሚለው! እኛ ጋ ወዲያው ነው» አለች። ነገሩ ገብቷታል። ያንኑ በእንግሊዝኛ ጽፋ እንድታስረዳ ስጠይቃት ግን ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ።

ሙከራው ሁለት ክፍለ ጊዜ በላ። በዚያው ሰሞን ለክትትል የመጡት ሰው የጠየቁኝ «ስንተኛው ምዕራፍ ደረስክ?» ብቻ ነው፤ ከዓመታዊ ዕቅዱ ወደ ኋላ ቀርተሃል ተብዬም ተጻፈብኝ።

በዚያው ክፍል በጸጥታው ችግር ትምህርት ተቋርጦባቸው ከታናናሾቻቸው ጋር የተቀመጡ ልጆች አሉ። ዓይኑ የደከመ ልጅም አለ። የመጽሐፉን ሥዕል ጓደኛው ጆሮው ሥር ሹክ ይለዋል፤ ፈተና ላይ ግን ይህ ኩረጃ ነው። ለሁሉም የሚቀርበው መለኪያ አንድ ዓይነት ነው።

ስታንዳርድ ይቅር አላልኩም። ምዕራፎቹ ይቀነሱና ለመለካት ጊዜ ይኑረን። ቢያንስ በ9ኛ ክፍል፣ ተማሪው የገባውን በአማርኛ ሲያስረዳ ነጥብ ይያዝለት። ማየት ለሚቸግረው ጥያቄውም ሥዕሉም በቃል ይነበብለት፤ ይህ በጀት እንኳ አይጠይቅም። ለክትትል የሚመጡትም የእኔን ዕቅድ ከማየታቸው በፊት የሁለት የሦስት ልጆች ደብተር ይግለጡ።

የፊዚክስ መምህር
ከሰሜን ሸዋ