በአባትም በኩል ጠይቁን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጡት ካንሰር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ቆረቆረኝ። «እናትሽ ወይም እህትሽ ታማ ከሆነ ተመርመሪ» ይላል። አባትስ?

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ልብስ እሰፋለሁ። አምና ጡቴን ልታይ ጤና ጣቢያ ስሄድም የተጠየቅኩት ይኼንኑ ነበር። እናቴም እህቶቼም ደህና ናቸው አልኩ። ካርዴ ላይ «በቤተሰብ የለም» ተብሎ ተጻፈ። የአባቴ እህት ግን በጡት ካንሰር ነው የሞተችው።

እትዬን ሰንዳፋ ሄጄ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። እንጀራ ስትጋግር እንኳ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ታስር ነበር። ቁስሉን ያየሁት ገላዋን ሳጥባት ነው። ለቅሶው ላይ «ሆዷን አሟት ነው» ተባለ። እኔም ዝም አልኩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉ ዘረመሎች አሉ። ሥራቸው የተበጠሰ ዲኤንኤን፣ ማለትም በሴሎቻችን ውስጥ ያለውን የዘር መመሪያ ክር፣ መጠገን ነው። ተበላሽተው ሲወረሱ ጉድለቱ በመላ ሰውነታችን ሴሎች ውስጥ ይኖራል፤ ካንሰሩ ግን በብዛት የሚነሳው ጡትና እንቁልጢ (የሴት እንቁላል የሚወጣበት አካል) ላይ ነው። አንዱ ምክንያት የጡት ሴሎች በሆርሞን ግፊት ደጋግመው መባዛታቸው ነው። ክሩ የደከመ ቀሚስ መጀመሪያ የሚተረተረው ብብቱ ሥር ነው፤ ሁሌ የሚሳበው እዚያ ነዋ! ሌላ ዘረመል ሲበላሽ ደግሞ የሕፃናትን ዓይን ያጠቃል፤ ሌላው ትልቁን አንጀትና ማህፀንን።

ሁሉም ሰው ይደንግጥ አልልም። ከ100 የጡት ካንሰሮች በዘር የሚመጡት ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። የተበላሸ ብራካ 1 ከወረሱ 100 ሴቶች ግን ከ60 በላይ የሚሆኑት በዕድሜያቸው የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል። አባት ደግሞ ራሱ ሳይታመም ሊያወርስ ይችላል። እያንዳንዱ ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። አያታችን በምን እንደሞተች ግን አንጠይቅም። ባለፈው እሁድ ቡና እየጠጣን አባዬን «እናትህን ምን ነበር ያመማት?» አልኩት። ሲኒውን እንደያዘ ቆየ። «ጡቷ ቆስሎ ነበር። ለሰው እንዳታወሩ ተብለን ነው» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ካርዱን ይዤ ሄጄ አሳረምኩ። እናንተም በሚቀጥለው ስትጽፉ «በአባትም በኩል» የምትለዋን ጨምሩልን።

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ