ቀለም በእጃቸው ይግባ፦ ለሐረር ልጆች የሥዕል ክፍል የድጋፍ ጥሪ

ውድ የሐረር ልጆች፣ የሐረር ወዳጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም የምትኖሩ ሥዕል አፍቃሪዎች፤

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ የትምህርት ቤታችንን አሮጌ የዕቃ ግምጃ ቤት ስንከፍት ወለሉ ላይ ውኃ ተኝቶ አገኘን። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ በቆርቆሮው ቀዳዳ እየገባ፣ ልጆቹ እንዲደርቁላቸው በሽቦ ላይ የሰቀሏቸውን ሥዕሎች አጥቧቸዋል። 84 ነበሩ፤ የተረፉት 11 ብቻ ናቸው። ልጆቹ ሲደርሱ ምን እንደምንላቸው ጨንቆን ቆመን ሳለ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሥዕሏን ከወለሉ አነሣች፤ ወደ ብርሃኑ ይዛ አየችና «ሐምራዊው ወደ ብርቱካኑ ፈሰሰ፤ ግን ያምራል» ብላ ወስዳ አጥሩ ላይ አሰጣችው። ይህን ጥሪ እንድንጽፍ ያስነሣን ያ ማለዳ ነው።

እኛ ጥቂት መምህራንና ወላጆች ነን። ላለፉት ሁለት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ 40 ልጆችን ያለ ክፍያ ሥዕል እናስተምራለን። ቀለሙን ከደመወዛችን እየቆረስን፣ ወረቀቱን ከማተሚያ ቤት ቁርጥራጭ እየለመንን እዚህ ደርሰናል። አሁን ግን እጅ አጠረን። የግምጃ ቤቱን ጣራ ቀይረን፣ ወለሉን አስተካክለን፣ ጠረጴዛና የሥዕል ማቆሚያ አስገብተን፣ በክረምትም በበጋም የሚከፈት የሥዕል ክፍል ልናደርገው ተነሥተናል። የሚያስፈልገው ገንዘብ በጠቅላላው 1,200,000 ብር ነው። ከመምህራን፣ ከሰፈር ዕድሮችና ከከተማው ነጋዴዎች እስካሁን 310,000 ብር ሰብስበናል። የቀረውን 890,000 ብር ከእናንተ እንጠይቃለን።

ገንዘቡ በምን በምን ላይ እንደሚውል ወደ ታች በዝርዝር እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ስለ አንድ የሐረር ልጅ እንዳነሣ ፍቀዱልኝ። ስሙን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሐረር መወለዱን የማያውቅ ሰው ግን እዚሁ ሐረር ውስጥ አጋጥሞኛል፤ ሆዴን ባር ባር ያለኝም ለዚህ ነው።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 በዚህች ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የቤተ ክህነት ሰው፣ ብራና ላይ የሚጽፉና ሐረግ (የብራና ጌጥ) የሚጥሉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው የሚያስታውሰውን እስቲ አስቡት፦ ተፍቆ የተወጠረ ብራና፣ የተቀረጸ የሸምበቆ ብርዕ፣ ጥቁሩ ቀለም በአንድ ቀንድ፣ ቀዩ በሌላ ቀንድ። የቅዱሳን ስም ሲደርስ ብርዑ ከጥቁሩ ወጥቶ ቀዩ ውስጥ ይነከራል። ቀይ ቀለም እንደዋዛ የሚፈስ ነገር እንዳልሆነ፣ ክብደት እንዳለው፣ ሕፃን ልጅ በዚህ ያውቃል። ገብረ ክርስቶስ ሥዕልን የጀመረው በዚያ ቤት፣ በአባቱ እጅ ሥር ነው።

ከቤት ደጃፍ ሲወጣ ደግሞ ሐረር ራሷ አለች። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ የተቀቡት የጀጎል ግንቦች፤ የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ስም ሆኖ የቀረለት የመኪና ግርግር መንገድ፤ በሐረሪ ቤት ውስጥ ከቀዩ መደብ በላይ ግድግዳውን የሚሞሉት የሣር ስፌት ሥራዎች። ይህ ሁሉ በኋላ ሥዕሎቹ ውስጥ ገብቷል ብዬ ማስረጃ ላቀርብ አልችልም። ነገር ግን የእሱን ቀለማት ባየሁ ቁጥር ልቤ ወደዚህ ይመለሳል።

አድጎ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ግብርና ለማጥናት ኮሌጅ ገብቶ ነበር፤ ለሥዕል ሲል ተወው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ እርሻና መሬት የሚያስይዝ ትምህርት ጥሎ ብሩሽ ማንሣት ቀላል ውሳኔ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1957 የትምህርት ዕድል አግኝቶ ጀርመን ኮሎኝ ገባ፤ በ1962 ተመልሶ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1963፣ ሥራዎቹን አዲስ አበባ ላይ ለሕዝብ አሳየ።

ያ ዐውደ ርእይ ለብዙ ተመልካች እንግዳ ነገር ነበር። ሥዕል ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ፣ የዐድዋ ጦርነት፣ ወይም የንጉሥ መልክ ነው። እሱ ያቀረበው ግን ቀለምና ቅርጽ ብቻቸውን የሚናገሩበት ሸራ ነበር። የስቅለቱን ነገር እንኳ ጎልጎታ በተባለው ሥዕሉ ሲያነሣው ከለመድነው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አውጥቶ በቀይ ሠራው። «ይህ ምንድን ነው?» ያለ ብዙ ነው። እሱ ግን እንዲህ ያለውን ረቂቅ ሥዕሉንም፣ ሊስትሮውንና የመንገድ ዳር ድኻውንም ጎን ለጎን መሥራቱን ቀጠለ። ለሊስትሮ ልጅ ያን ያህል ቦታ በሸራ ላይ የሰጠ ሠዓሊ ስለሆነ እኔ በግሌ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ።

ሠዓሊ ደግሞ በሸራና በቀለም ብቻ አይኖርም፤ የሚደግፈው ሰው ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ትልቁ ድጋፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ነበር። በሥነ ጥበብ ዘርፍ እ.ኤ.አ. በ1964 አፈወርቅ ተክሌ፣ በ1965 ገብረ ክርስቶስ፣ በ1967 እስክንድር ቦጎሲያን ተሸልመዋል። ከዚህ ውጭ ሥዕል ገዥው በአብዛኛው በየኤምባሲውና በየድርጅቱ የሚሠራ የውጭ አገር ሰው፣ ከእነሱም ጋር ጥቂት የተማረ ኢትዮጵያዊ ነበር። ገዥው የሥራ ዘመኑን ጨርሶ ሲሄድ ሥዕሉም አብሮት ይሄዳል። ከዚያ ዘመን ምርጥ ሥራዎች ብዙዎቹን ዛሬ ልጆቻችን እንዳያዩዋቸው ያደረገው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለገብረ ክርስቶስ ጓደኞችም ነበሩት። እስክንድር ቦጎሲያን ከለንደንና ከፓሪስ ቆይታው እ.ኤ.አ. በ1966 ተመልሶ በዚያው ትምህርት ቤት ማስተማር ሲጀምር፣ ሁለት እጅግ የተለያዩ ሠዓሊዎች በአንድ ጣራ ሥር ተገናኙ። አንዱ የጀርመኑን ትምህርት ይዞ የመጣ፣ ሌላው ክታቡንና ተረቱን ከአፍሪካ ሥነ ጥበብ ጋር ያዋሐደ። ገጣሚው ሰሎሞን ዴሬሳ ደግሞ በብዕሩ ሥራቸውን ለአንባቢ ያስረዳ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ራሱም ገጣሚ ነው፤ ስለ አገሩ የጻፈው ግጥምም ይታወቃል። ሠዓሊና ገጣሚ እንዲህ ተቀራርቦ በኖረበት ዘመን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከነበሩት ተማሪዎች አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢየናሌ (በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ) ከፍተኛውን ሽልማት ያገኘው ዘሪሁን።

መጨረሻው ግን ያሳዝናል። በደርግ ዘመን ገብረ ክርስቶስ አገሩን ጥሎ ወጣ፤ ጀርመን፣ ቀጥሎም አሜሪካ። እ.ኤ.አ. በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ ሎውተን በምትባል ከተማ፣ ሃምሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው አረፈ። ጀርመን አገር የቀሩት ሥዕሎቹ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ስድስት ኪሎ አካባቢ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምም ተከፈተ። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ሄዶ ያያቸዋል። ከሐረር ግን መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከ40ዎቹ ልጆቻችን አንድም ያያቸው የለም።

አሁን ወደ ልጆቹ ልመለስ። ከመካከላቸው አያቷ ስፌት የሚሰፉ አንዲት ልጅ አለች። ክሬዮን ስንሰጣት መጀመሪያ ምንም አትስልም። ቁርጥራጮቹን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ትዘረግፍና እየመረጠች ትደረድራቸዋለች፤ ወይን ጠጁን ከቢጫው አጠገብ ታኖራለች፣ አየት አድርጋ ታነሣዋለች፣ በምትኩ አረንጓዴ ታስቀምጣለች። ምን እያደረግሽ ነው ብዬ ስጠይቃት «አያቴ ሣሩን ከመስፋቷ በፊት እንዲህ ነው የምታደርገው» አለችኝ። ይህን ማንም ሠዓሊ በዓመታት ትምህርት የሚደርስበትን ነገር እሷ ከቤቷ ይዛው መጥታለች። እኛ ልንሰጣት የምንችለው 12 ክሬዮን ነው፤ ያውም ለአራት ልጆች። ሌላው፣ ወንድ ልጅ፣ የቡና አተላ በውኃ በጥብጦ ቡናማ ቀለም ይሠራል፤ ከሰል ፈጭቶ ጥቁር፣ ቅጠል ጨምቆ አረንጓዴ። የሚያጣው ሰማያዊውን ብቻ ነው። በሥዕሎቹ ውስጥ ሰማይ የማይኖረው ለዚህ እንደሆነ ያወቅነው ቆይተን ነው።

«ሰው ሕክምና አጥቶ ሳለ ሥዕል ምን ያደርጋል?» ያሉን ሰዎች አሉ። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም፤ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። መልሴ አጭር ነው፦ ለሕክምና በተጠየቅን ጊዜ ሰጥተናል፣ ወደፊትም እንሰጣለን፤ ይህ ከዚያ የሚቀነስ መዋጮ አይደለም። ነገር ግን የሰባት ዓመት ልጅ የቀለም ዕድሜ አይጠብቅም። ገብረ ክርስቶስ አባቱ ቤት የቀለም ቀንድ ባያገኝ ኖሮ ኮሎኝ ብቻውን ሠዓሊ አያደርገውም ነበር።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። ጣራው፣ ኮርኒሱ፣ ወለሉና የመስኮቶቹ መስታወት 480,000 ብር ይፈጃሉ፤ ከሁለት አናጢዎች ዋጋ ጠይቀን ዝቅተኛውን ወስደናል። ጠረጴዛ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የሥዕል ማቆሚያና ሥዕሎቹ በደረቅ የሚቀመጡበት መደርደሪያ 264,000 ብር። ቀለም፣ ብሩሽና ወረቀት ለአንድ ልጅ በዓመት 6,000 ብር፣ ለ40 ልጆች 240,000 ብር። ቀሪው 216,000 ብር ለሁለት ወጣት ሠዓሊዎች የአንድ ዓመት አበል ሲሆን ለእያንዳንዳቸው በወር 9,000 ብር ይደርሳል። እኛ መምህራኑ ምንም አንወስድም። ሁለቱ ወጣቶች ግን ሸራ ገዝተው የራሳቸውንም ሥራ መሥራት ስላለባቸው በነፃ አገልግሉን ልንላቸው አይገባም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ በመካከላችን ክርክር ነበር፤ እኔ ያለ አበል አይሆንም ካሉት ወገን ነኝ።

ስለዚህ 6,000 ብር የሰጠ ሰው አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሥዕል እንዲሥል ያደርጋል። ያን ያህል ያልቻለ፣ 500 ብር አንድ መልካም የብሩሽ ስብስብ ይገዛል። 100 ብርም እንቀበላለን፤ ካሁን በፊት የተሰበሰበው ውስጥ ከጉሊት ነጋዴዎች የመጣ የ20 እና የ50 ብር መዋጮ ብዙ ነው፤ ስማቸው ከትልልቆቹ ሰጪዎች እኩል መዝገቡ ላይ ሰፍሯል።

ገንዘቡ የሚገባው በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ነው፤ ከሦስቱ አንዷ የወላጆች ተወካይ ናት። የሒሳብ ቁጥሩ በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ በየዕድሩ ጸሐፊዎችና ውጭ አገር ባሉ የሐረር ልጆች ማኅበራት ዘንድም ይገኛል። ማንም ሰው በስልክ ወይም በመልእክት ሌላ ቁጥር ቢልክላችሁ ከእኛ አይደለምና አትላኩ። የገቢና የወጪው ዝርዝር ከነደረሰኙ በየወሩ መጨረሻ ይለጠፋል።

ከገንዘብ ሌላ የምንጠይቃችሁ ነገርም አለ። ከዋሽንግተን፣ ከቶሮንቶ፣ ከፍራንክፈርት፣ ከዱባይ ለዕረፍት የምትመጡ፣ ሻንጣችሁ ውስጥ ለጥቂት የአክሪሊክና የውኃ ቀለም ቱቦዎች ቦታ አትጡ፤ ሰማያዊ ቢበዛ ደስ ይለናል። ሚኒባስ ያላችሁ ደግሞ፣ ትልልቆቹን ልጆች አንድ ጊዜ ስድስት ኪሎ ወስደን ሥዕሎቹን ፊት ለፊት እንድናሳያቸው ብትረዱን ውለታችሁ አይረሳም። በወላጆቻችሁ መሳቢያ ውስጥ ደግሞ የ1960ዎቹ የዐውደ ርእይ መጥሪያ፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ የሠዓሊያን ፎቶግራፍ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ኦርጅናሉን አንፈልግም፣ ለእናንተ ይቆይ። ጥርት ያለ ቅጂ ብትሰጡን ግን የክፍሉን አንድ ግድግዳ ለዚህ መድበነዋል።

አናጢው ከፋሲካ ማግሥት ሥራ ሊጀምር ቀጠሮ ይዞልናል፤ ለቆርቆሮውና ለእንጨቱ ግማሹን ክፍያ አስቀድመን መስጠት አለብን። ሰኔ ሳይገባ ጣራው ተመትቶ ካላለቀ ሥዕሎቹን ዘንድሮም ወደየቤታችን እንወስዳቸዋለን። አጥሩ ላይ የተሰጣችው የዚያች ልጅ ሥዕል አሁን እኔ ዘንድ ናት። ካርቶን ላይ ተለጥፋ፣ አዲሱን ግድግዳ እየጠበቀች ነው።