አውቃችሁ ለቀጠራችሁኝ፣ አውቃችሁ ለፈረማችሁልኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ እንዴት ናችሁ። ይሄ ጽሁፍ የምስጋና ነው። ባለፈው ሳምንት የሙከራ ጊዜዬን ጨርሼ የቋሚነት ደብዳቤ ተሰጠኝ፣ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚነሳበት ብዙም ሳይርቅ ባለ አንድ መካከለኛ ክሊኒክ ውስጥ፣ በነርስነት። ለሌላው ሰው ይሄ ተራ ወረቀት ሊሆን ይችላል፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ራሱ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል፣ እሱን ካለፍክ ቋሚ ነህ አለቀ። እኛ ቤት ግን እናቴ ደብዳቤውን ሳነብላት እልልታዋን ስታቀልጠው ከላይም ከታችም ፎቅ ጎረቤት በሩን ከፍቶ ወጣ። እናቴ አልቅሳ ስትጨርስ ለሁሉም ቡና አፈላች፣ እኔም ያን ቀን ነው ይሄን ለመጻፍ የወሰንኩት።

ብዙዎቻችሁ ታሪኬን ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁ ደግሞ ከሰው ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል። ትራማዶል የሚባለው የህመም ማስታገሻ ሱሰኛ ነበርኩ። ነገሩ የጀመረው ሥራ ላይ በሽተኛ ከአልጋ ወደ ስትሬቸር ስናዛውር ወገቤን ተጎድቼ ነው፣ መጀመሪያ በሐኪም ትእዛዝ ነበር የምወስደው፣ ከዛ ህመሙ ለቀቀኝ መድኃኒቱ ግን አልለቀቀኝም፣ ሥራዬም ጤናዬም ትዳሬም በዛ ሄደ። ዝርዝሩን ለሐኪሞቼ ተናግሬዋለሁ፣ እዚህ አልደግመውም።

አንድ ነገር ግን ለሙያ ጓደኞቼም ለሌላውም ልበል፣ ትራማዶል ቀላል ማስታገሻ ነው ብላችሁ አትናቁት። ከነሞርፊንና ፔቲዲን ጋር አንድ ወገን ነው፣ ኦፒዮይድ ነው፣ በዛ ላይ አንጎል ውስጥ ስሜታችንን የሚያስተካክለውን ሴሮቶኒንንም ስለሚነካ ሲቆም የሚመጣው ጣጣ ድርብ ነው፣ አፍንጫ ይፈሳል፣ ሰውነት ውርር ይላል፣ ሆድ ይላላል፣ እግር አርፎ አይቀመጥም፣ እንቅልፍ ጭራሽ የለም፣ ከዛ ደግሞ ምክንያቱ የማይታወቅ ፍርሃት ይመጣል። በብዛት ሲወሰድ ያንቀጠቅጣል፣ ሰው የሚጥል በሽታ ያዘው የሚለው እሱን ነው። ስለዚ ቤት ዘግታችሁ ብቻችሁን ለማቆም አትሞክሩ፣ ሐኪም እያየ ነው ቀስ እያለ የሚቀነሰው። ካቆማችሁ በኋላ ደግሞ ድሮ ለምዳችሁት የነበረውን መጠን አንዴም ቢሆን አትንኩት፣ ሰውነት ልምዱን ስለሚረሳ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ይሄን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ የገባኝ ግን አልጋው ላይ ስተኛ ነው።

ወደ ምስጋናው ልመለስ። መጀመሪያ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ክፍል ያላችሁ በሙሉ፣ ሐኪሞቹ፣ ነርሶቹ፣ ጽዳቶቹ፣ ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በኛ አገር አማኑኤል ገባች ከተባለ ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ፣ እናቴ ራሷ የመጀመሪያ ቀን ነጠላዋን ፊቷ ድረስ ሸፍና ነበር አብራኝ የሄደችው፣ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ በታክሲ ከዛ በባቡር ወደ መርካቶ፣ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል ሳትናገር። በኋላ ግን የምሳ ዕቃዋን ይዛ ግቢው ውስጥ የሌሎች በሽተኞች እናቶችንም የምታጽናና ሆናለች። እዛ የነበረው የሳይካትሪ ነርስ የመጀመሪያ ቀን ያለኝን አልረሳውም፣ እኔ እንደ ነርስ እያወራሁት መጠኑንና ሰዓቱን ላስረዳው ስል "እህቴ፣ ሙያሽን አከብራለሁ፣ ዛሬ ግን በሽተኛዬ ነሽ፣ እረፊ" አለኝ። ማረፍ እንደሚቻል ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ስሄድም ያገኘኋቸው አባት አሉ፣ ስማቸውን እንድጠራ አይፈልጉም። ጸበልተኛው መሀል መድኃኒት ጥለሽ ካልመጣሽ እምነት የለሽም የሚል ሰው አይጠፋም፣ እኔም በዛ ተጨንቄ ስጠይቃቸው "ክኒኑን በምን ልትውጪው ነው፣ በጸበሉ ዋጪው፣ ሐኪሙንም የላከልሽ እሱ ነው" አሉኝ። አባቴ እድሜዎን ያርዝምልኝ። ያን ቃል ባይነግሩኝ መድኃኒቴን አቋርጬ ነበር፣ ባቋርጥ ደግሞ ዛሬ ይሄን አልጽፍም ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። ከሱስ መውጣት ከባድ ነው ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ከወጡ በኋላ ሥራ ስለማግኘት የሚያወራ ብዙ ሰው የለም። ሲፒዲውን፣ ማለት ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠናውን፣ አሟልቼ የሙያ ፈቃዴን አሳደስኩ፣ ይሄ በወረቀትና በወረፋ ያልቃል። የማያልቀው ሲቪው ላይ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ከኮዬ ፈጬ እስከ ገላን፣ ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ ክሊኒክ የሚል ታፔላ ያለበት በር ሁሉ ገብቻለሁ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አምጪ፣ ከቀድሞ መሥሪያ ቤት መልቀቂያ አምጪ፣ በዚህ መሀል የት ነበርሽ። ታምሜ ነበር ስል ምን ታመሽ ይላሉ፣ ስነግራቸው እንደውልልሻለን ይላሉ፣ አይደውሉም። አንዱ ጋማ ጀምሪ ብለውኝ ጋዋኔን ተኩሼ ስሄድ ሰው ነግሯቸው በር ላይ መለሱኝ። ማን እንደሆኑ አልናገርም፣ የሚጠብቁት በሽተኛ አላቸው፣ ፍርሃታቸው ይገባኛል። ያን ቀን እስከ ቤቴ በእግሬ ነው የመጣሁት።

አሁን ያለሁበት ክሊኒክ ስገባ እንግዲህ ተስፋ ኖሮኝ አልነበረም። ዶክተርዬ ሲቪዬን እያየች እስክሪብቶዋ ያቺ ባዶ ቦታ ላይ ስትቆም ሳትጠይቀኝ ነገርኳት፣ ደግሞ ከምመላለስ ብዬ ሁሉንም በአንዴ። እንደውልልሻለን ትለኛለች ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ነበር። እሷ ግን "አሁን ማን ነው የሚከታተልሽ? ቀጠሮሽ በምን ቀን ነው? መድኃኒት ክፍል ውስጥ በጣም የሚያስቸግርሽ ምኑ ነው?" አለችኝ። ወይኔ፣ እስከዛሬ የጠየቁኝ ሁሉ ምን ሆነሽ ነበር ነው የሚሉት፣ እንዴት አድርገን እናሠራሽ ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። የመርፌ መድኃኒት የሚመጣበት የብርጭቆ አምፑል አንገቱ ሲሰበር የሚያወጣው ድምፅ ነው አልኳት። ልክ እንደዛ። ቀጭ ሲል ሆዴ ይገላበጣል፣ ውስጡ ያለው ሱስ የማያስይዘው ዳይክሎፌናክም ይሁን ምንም ይሁን።

ወዲያው የነርሶቹን አለቃ፣ ሜትሮኗን፣ ጠርታ ሦስታችን ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ቁጥጥር ያለባቸው መድኃኒቶች የሚቀመጡበት ቁም ሳጥን ቁልፍ በሜትሮኗና በፋርማሲስቱ እጅ ብቻ እንዲሆን፣ እኔ የሌሊት ዲውቲ እንዳልገባ፣ የአማኑኤል ቀጠሮዬ ቀን ፈቃድ እንዲሰጠኝ፣ የሽንት ምርመራ ደግሞ በፈለጉት ቀን ሳይነግሩኝ እንዲያደርጉ፣ ቦታዬ ቁስል የሚታጠብበት ድሬሲንግ ክፍል እንዲሆን። ሁሉንም በወረቀት አድርገን ፈረምኩ። አንዳንድ ጓደኞቼ ይሄን ስነግራቸው ክብርሽን ነኩት ብለው ተናደዱልኝ፣ እኔ ግን ልንገራችሁ፣ ከሁሉም በላይ የማመሰግናችሁ ለዚህ ነው። ያን ቁልፍ ስላልሰጣችሁኝ አመሰግናችኋለሁ። በደህና ቀን በደንብ እሠራለሁ፣ በክፉ ቀን ደግሞ፣ ክፉ ቀን አለ አልዋሽም፣ እኔና መድኃኒቱ መሀል ሁለት ሰው ቆሟል።

ሜትሮኔ፣ አንቺን ምን ብዬ ልጻፍልሽ። አንድ ቀን የወገብ ህመም ያለበት ሰውዬ መጥቶ መርፌ ታዘዘለት፣ ክፍሉ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ አምፑሉ ትሪ ላይ ተቀምጧል፣ ሰውዬው ደግሞ ወገቡን ይዞ ያቃስታል፣ የራሴን ወገብ እያየሁ መሰለኝና እጄ ላብ በላብ ሆነ። ምንም ሳልናገር ከኋላዬ መጥታ "ሲስተር፣ አባባ ድሬሲንግ ይጠብቁሻል፣ ይሄን እኔ እይዘዋለሁ" አለችኝ። በቃ ይሄው ነው፣ ማንም አላወቀ፣ ሰውዬው አላወቀ። ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረገችልኝ እሷ ራሷ አታስታውሰውም ይሆናል። እግዜር ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

አባባ ያልኳቸው ደግሞ የስኳር በሽተኛ ናቸው፣ ለስኳሩ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው ክትትላቸው፣ እግራቸው ላይ ያለውን ቁስል ለማጠብ እኛ ጋ ይመጣሉ። መጀመሪያ ሲመጡ ጠርዙ ጠቁሮ ሽታው ከበር ነበር የሚቀበለኝ። በኖርማል ሳላይን ማጠብ፣ የሞተውን ማንሳት፣ ጎዙን አርጥቦ መሸፈን፣ ጫማው እንዳይጫነው ማስተካከል፣ በማግስቱ ደግሞ እንደገና። ቀስ እያለ ከስሩ እንደ ሮማን ፍሬ የሚያበራ ቀይ ሥጋ መሙላት ሲጀምር ለማየት ጎንበስ ባልኩበት እንባዬ መጣ፣ ማስክ ስላደረኩ አላዩኝም። ስለኔ ሰው ነግሯቸዋል መሰለኝ፣ አንድ ቀን ሌላ ነርስ ልታጥባቸው ስትል "እጇ ቀላል ነው ያቺ ልጅ፣ እሷን እጠብቃለሁ" ብለው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። አባባ፣ ያን ቀን የሰጡኝን ምርቃት ሁሉ ቆጥሬ ይዤዋለሁ።

አሁን ደግሞ ጋሼ። ቅጥሩ ያለ ዋስ አይሆንም ተባለ፣ ዋሱ ደግሞ ደሞዙ የተጻፈበት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ፎቶና መታወቂያ ይዞ መቅረብ አለበት። ዘመዶቼ ጋ ደወልኩ፣ አንዱ ለሌላ ሰው ፈርሜያለሁ አለኝ፣ አንዷ ስልኳን አላነሳችም፣ አልፈርድባቸውም፣ ዋስትና ቀልድ አይደለም፣ ነገር ቢበላሽ የሚጠየቀው ፈራሚው ነው። የኛ ብሎክ ጋሼ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው፣ ለእናቴ ሰላምታ ከመስጠት ውጪ ብዙም አንነጋገርም ነበር። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ለባለቤታቸው ለእትዬ ስታማክራቸው ጋሼ ሰምተው ማታ በራችንን አንኳኩ። ግቡ ተቀመጡ ብንላቸው አልተቀመጡም። "ደብዳቤው ለማን ተብሎ ነው የሚጻፈው?" ብቻ አሉ። እኔ ደግሞ ሳያውቁ እንዳይፈርሙ ብዬ "ጋሼ፣ እኔ እኮ..." ስል አስቆሙኝና "አውቃለሁ ልጄ፣ አውቄ ነው የምፈርመው። ሳላውቅ ብሆን ኖሮ ነበር የምፈራው" አሉኝ። እትዬም ከኋላቸው ቆመው ልጃቸው ትኩሳት የያዛት ሌሊት እንዴት እንደተነሳሁላት አስታወሱኝ፣ እኔ ረስቼው ነበር። በማግስቱ ከሺፍታቸው ወጥተው ከነዩኒፎርማቸው ክሊኒኩ ድረስ መጥተው ፈረሙ፣ የታክሲ ልስጥዎት ብል ተቆጡኝ።

ጋሼ፣ እትዬ፣ ውለታችሁን እኔ አልችለውም፣ እሱ ይክፈልላችሁ። ወንድሜ፣ እህል አልወርድ ሲለኝ አጥሚቱን በማንኪያ ያጠጣኸኝ፣ ቀን ያውጣህ። የእድራችን እናቶች፣ እናቴ እኔን ልታስታምም ስትቀር ስሟን ከቀሪ ሳታስመዘግቡ ተራዋን የሸፈናችሁላት፣ ተባረኩ። ፋርማሲስታችን፣ ቁልፉን በያዝክ ቁጥር ቀና ብለህ በፈገግታ ነው የምታየኝ፣ አንድም ቀን አላሳፈርከኝም፣ አመሰግናለሁ። እማዬን ግን እዚህ አልጽፍላትም፣ አልችልም።

ክሊኒክ ላላችሁ፣ ለምትቀጥሩ ሰዎች አንድ ልመና አለኝ፣ እንደኔ ያለ ሰው በራችሁ ሲመጣ ዶክተርዬ የጠየቀችኝን ጥያቄ ጠይቁት። ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጡት፣ ለሱ ደግሞ ሥራውን ስጡት። ምንም አይከብድም፣ እኛ ጋ አንድ ወረቀትና አንድ ስብሰባ ነው የፈጀው።

በመጨረሻ፣ አማኑኤል አብራኝ ስትታከም የነበረች አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ አለች፣ ጎበዝ ልጅ ናት፣ እሷም በቅርቡ ለሥራ አለፈችና ዋስ አጥታ ስታለቅስ ደወለችልኝ። እኔ አሁን ቋሚ ሠራተኛ ነኝ፣ ደሞዜ የተጻፈበት ደብዳቤ ማውጣት እችላለሁ። ዶክተርዬን ጠይቄያት ማክሰኞ ተፈርሞ ይደርስልሻል ብላኛለች። ስለዚ እህቴ፣ ይሄን ካነበብሽ ሌላ ሰው አትለምኚ፣ ፎቶና መታወቂያዬን ይዤ ረቡዕ ጠዋት እመጣለሁ፣ የቢሮውን አድራሻ ብቻ ላኪልኝ።