ረጅም መንገድ ለምትነዱ ደንበኞቻችን፦ የ2025 የምግብ ወጪያችሁን በተመለከተ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? በረዶውስ እንዴት ይዟችኋል?

የታክስ ሰሞን ገብቷል። ስልካችን ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል፤ ትራክ የምትነዱት ደግሞ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁን አንድ ነገር ነው፦ «የምግቡን ስንት ታስገቡልኛላችሁ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ለሁሉም አንድ አይደለም። ለአንዱ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ተቀናሽ ይሆናል፣ ለሌላው ዜሮ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ትራክ ይነዳሉ፣ አንድ ትራክ ስቶፕ ያድራሉ፣ ምናልባትም እራት የበሉት አብረው ነው። ይህ ብዙ ሰው ያናድዳል። «ለጓደኛዬ ሌላ ቢሮ አስገብቶለታል፣ እናንተ ለምን እምቢ አላችሁ?» የሚለንም አለ። በስልክ እየተጣደፍን ከምናስረዳ ቁጭ ብለን በጽሑፍ ብናቀርበው ይሻላል ብለን ነው ይህን የላክንላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ሎድ እስኪጫንላችሁ ስትጠብቁ አንብቡት።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ እንድታደርጉት የምንለምናችሁ ነገር አለ። የኢኤልዲ ሎጋችሁን፣ ማለትም ትራኩ ላይ ያለው መሣሪያ የመንዳትና የዕረፍት ሰዓታችሁን የሚይዝበትን መዝገብ፣ አውርዱ። የምትሠሩበት ካምፓኒ ሎጋችሁን እንዲያስቀምጥ ሕግ የሚያስገድደው ለ6 ወር ብቻ ነው። አይአርኤስ (የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) ደግሞ በተለመደው አሠራር እስከ 3 ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ «አሳየኝ» ሊል ይችላል። በመሃል ያለውን ክፍተት የሚሸፍንላችሁ ማንም የለም። ካምፓኒ ስትቀይሩማ የባሰ ነው፤ አፑ በተዘጋ ማግስት የዓመት ሥራችሁ ማስረጃ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህን አትርሱ፦ በየወሩ መጨረሻ ሎጋችሁን በፒዲኤፍ አውርዳችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩ።

ለምን ሎግ ሎግ እንደምንል እንንገራችሁ። ፐር ዲየም፣ ማለትም በቀን ተመን የሚታሰበው የምግብ ወጪ፣ የሚቆጠረው በበላችሁት ሳይሆን ከቤት ርቃችሁ ባደራችሁበት ቀን ነው። አይአርኤስ ለትራንስፖርት ሠራተኞች ለብቻው የቀን ተመን ያወጣል። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህ ተመን በቀን 80 ዶላር ነው፤ ካናዳ ለገባችሁበት ቀን ደግሞ 86። ከዚያ በፊት 69 እና 74 ነበር። የ2025ቱን ዓመት ሙሉ በአዲሱ ተመን ነው የምንሠራው። ከቤት የወጣችሁበት ቀንና ቤት የገባችሁበት ቀን ግን ሙሉ አይቆጠሩም፤ የተመኑ ሦስት አራተኛ ይያዛል፣ ማለትም 60 ዶላር። ከዚያ ሁሉም ተደምሮ ከድምሩ 80 በመቶው ይቀነስላችኋል። ሌላው ነጋዴ ለሥራ ሲጓዝ ከምግቡ የሚቀነስለት 50 በመቶ ብቻ ነው፤ እናንተ ግን የመንዳትና የዕረፍት ሰዓታችሁ በመንግሥት የሚወሰን ስለሆነ ሕጉ 80 ፈቅዶላችኋል።

በዚህ አሠራር የምግብ ደረሰኝ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የትኛው ቀን፣ የት፣ ለምን ሥራ እንደነበራችሁ የሚያሳይ ማስረጃ ነው፤ ያንን ሦስቱንም ሎጋችሁ ከሎድ ወረቀቱ ጋር ሆኖ ይናገራል። በዐቢይ ጾም ነብራስካ ውስጥ የጾም ምግብ አጥታችሁ በሙዝና በለውዝ የዋላችሁበት ቀን 80 ዶላር እንዳላወጣችሁበት እናውቃለን። አይጎዳችሁም። ተመኑ ያው ነው። በአንጻሩ በአንድ ቀን 110 ዶላር ብትበሉም ተመኑን ከመረጣችሁ ያው 80 ነው። ጭራሽ ምንም የምግብ ወጪ ያልነበረበት ቀን ብቻ ለብቻው ይታያል፤ ለዚያ ለጥቃቅን ወጪ ተብሎ የሚፈቀደው በቀን 5 ዶላር ነው። ተመኑንም ደረሰኙንም ደራርቦ ማስገባት ግን አይቻልም፤ አንዱን ነው የምትመርጡት። የላውንደሪና የትራክ ፓርኪንግ ወጪ በምግብ ተመኑ ውስጥ ስላልተካተተ የእሱን ደረሰኝ አስቀምጡ፣ ለብቻው እናስገባዋለን። ትራኩ ውስጥ ለምታድሩበት ሌሊት ግን የማደሪያ ተመን የሚባል ነገር የለም። ሆቴል ካደራችሁ በደረሰኙ ልክ ብቻ።

አሁን ወደሚያናድደው ጉዳይ እንምጣ። ደብሊው ቱ የምትቀበሉ፣ ማለትም የካምፓኒ ተቀጣሪ የሆናችሁ፣ በፌዴራል ታክስ ላይ ይህንን ተቀናሽ መጠየቅ አትችሉም። ድሮ ይቻል ነበር። በ2017 የወጣው የታክስ ሕግ ከ2018 ጀምሮ አስቀረው። ብዙ ሾፌር ከ2025 በኋላ ይመለሳል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ እኛም ደንበኞቻችን ሲጠይቁን «እስቲ እንጠብቅ» ስንል ቆይተናል። በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ግን ክልከላውን ቋሚ አደረገው። ፍትሐዊ ነው ብለን አናምንም። አንድ ሰው ሦስት ሳምንት ከልጆቹ ርቆ፣ ኦሃዮ ላይ ለአንድ ሳህን ምግብ 20 ዶላር ከፍሎ፣ ተቀጣሪ በመሆኑ ብቻ ይህ መብት መነፈጉ ያበሳጫል። ግን ሕጉ ይኸው ነው።

ስለዚህ ደብሊው ቱ ብቻ ላለው ሰው ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት ፎርም) ፈጥረው የምግብ ወጪ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ እኛ ያንን አንሠራም። ሪፈንዱ ሲመጣ ደስ ይላል። የአይአርኤስ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ስሙ የእናንተ ነው፣ ፊርማው የእናንተ ነው፣ ወለዱና ቅጣቱም የሚመጣው በእናንተ ላይ ነው፤ የሠራላችሁ ሰው ያኔ ስልክ ላያነሳ ይችላል።

ተቀጣሪዎች ምንም መንገድ የላችሁም ማለት ግን አይደለም። ብዙ ካሪየሮች (የጭነት ካምፓኒዎች) የደመወዛችሁን ከፊል በፐር ዲየም መልክ ይከፍላሉ፤ ያ ክፍያ በሕጉ መሠረት ከተሠራ ታክስ አይቆረጥበትም። ካምፓኒያችሁ ይህ ፕሮግራም እንዳለው ጠይቁ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ታክስ የሚቆረጥበት ደመወዛችሁ ስለሚያንስ ለሶሻል ሴኩሪቲ የሚመዘገብላችሁም ያንሳል። ሁለተኛ፣ ቤት ለመግዛት ባንክ ስትሄዱ ደብሊው ቱው ላይ የሚታየው ቁጥር ትንሽ ነው። ገና ወጣት ሆኖ ቤት ሊገዛ ላሰበና ሞርጌጁን ለጨረሰ ሰው ምክራችን አንድ አይሆንም። ካሊፎርኒያ የምትኖሩ ደግሞ ስቴቱ በራሱ ታክስ ላይ የተቀጣሪ ወጪን በተወሰነ ሁኔታ አሁንም ስለሚቀበል ደረሰኛችሁን አትጣሉ።

1099 (ተቀጣሪ ላልሆነ ሰው የሚሰጥ የክፍያ ፎርም) የምትቀበሉና የራሳችሁ ትራክ ያላችሁ ኦነር ኦፕሬተሮች፣ ይህ መብት የእናንተ ነው። የምናስገባው ስኬጁል ሲ ላይ ስለሆነ መደበኛውን የስታንዳርድ ተቀናሽ አይነካባችሁም፤ ሁለቱንም ታገኛላችሁ። ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ብቻችሁን ያላችሁም፣ በኮርፖሬሽን እንዲቆጠር ካላመለከታችሁ፣ እንደዚሁ ናችሁ። ኤስ ኮርፕ (ለታክስ በኮርፖሬሽን የሚቆጠር ድርጅት) ያደረጋችሁት ግን የምግቡ ወጪ በኮርፖሬሽኑ በኩል በሥርዓት ተመላሽ ሆኖ ነው መሠራት ያለበት፤ ስለዚህ ለእናንተ ለብቻችሁ ቀጠሮ እንይዛለን።

በገንዘብ ስንት ነው? እንበል ሰኞ ጠዋት ከዴንቨር ወጥታችሁ ዓርብ ማታ ትመለሳላችሁ። ሰኞ 60፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ 240፣ ዓርብ 60፤ ድምሩ 360 ዶላር። 80 በመቶው 288። በዓመት 46 ሳምንት እንደዚህ ከሠራችሁ 13,248 ዶላር ይሆናል። ይህ በእጃችሁ የሚገባ ገንዘብ አይደለም፤ ታክስ ከሚሰላበት ትርፍ ላይ የሚቀነስ ነው። ትርፋችሁ በቂ ከሆነ ከሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱ (ለራሱ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው) ብቻ ወደ 1,870 ዶላር ይተርፋችኋል፤ የገቢ ታክሱ ቅናሽ ከዚህ በተጨማሪ የሚመጣ ነው፣ መጠኑም እንደየገቢያችሁ ይለያያል። የብዙዎቻችሁን የአንድ ወር ኢንሹራንስ ሊሸፍን የሚችል ገንዘብ ነው፤ በወረቀት ማጣት የሚባክን መሆን የለበትም።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚያሳስበን ግን የቤት ጉዳይ ነው። ፐር ዲየም የሚፈቀደው ከቤቱ ርቆ ለሚሠራ ሰው ነው። ቤት ከሌለ መራቅም የለም። አንዳንዶቻችሁ ኪራይ ለመቆጠብ አፓርትማውን ለቃችሁ ትራኩ ውስጥ ነው የምትኖሩት፤ ፖስታችሁ ጓደኛ ቤት ይመጣል፣ ዕረፍት ስትወጡም አንድ ቀን እሱ ዘንድ ታድራላችሁ። የምትቆጥቡበት ምክንያት ይገባናል፤ እናትና አባት የሚጦር አለ፣ ወንድም የሚያስተምር አለ። ነገር ግን አይአርኤስ እንዲህ ያለውን ሰው ቤቱ የትም ነው ብሎ ሊቆጥረው ይችላል፣ ያኔ የዓመቱ ፐር ዲየም ሙሉ በሙሉ ይወድቃል። የሚታየው ብዙ ነገር ነው፦ በዚያ አካባቢ ሥራ ትይዛላችሁ ወይ? መንገድ ላይ ሆናችሁም የቤት ወጪ ትከፍላላችሁ ወይ? ቤተሰባችሁ እዚያ ነው ወይስ እናንተ ራሳችሁ ቶሎ ቶሎ ትመለሳላችሁ? ከዘመድ ጋር የምትኖሩ ከሆነ ድርሻችሁን በካሽ አትስጡ። በባንክ ወይም በዜል ላኩ፣ «ኪራይ» ብላችሁ ጻፉበት። በወር 500 ዶላርም ቢሆን በየወሩ የሚታይ ክፍያ ከባዶ አድራሻ በብዙ ይሻላል።

የቀን ቆጠራውንም በቅንነት እንሥራው። ለጥምቀት አዲስ አበባ ሄዳችሁ የቆያችሁበት ስድስት ሳምንት አይቆጠርም። ቤት የዋላችሁበት ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም። ትራኩ እዚሁ አውሮራ ጋራዥ ቆሞ እናንተ ቤታችሁ የተኛችሁበትም አይቆጠርም። ዋዮሚንግ ላይ ትራኩ ተበላሽቶ፣ ወይም መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ እዚያው ያደራችሁበት ግን ይቆጠራል፤ ይህን ብዙ ሰው ሳያስገባው ያልፋል። ሎካል ነድታችሁ ማታ ማታ ቤት የምትገቡ ከሆነ የለም፤ ቀኑ ምንም ያህል ረጅም ቢሆን፣ በመሃል ግማሽ ሰዓት ብታሸልቡም። ባለቤታችሁን ይዛችሁ ለሽርሽር ከሄዳችሁ የእሷ ወይም የእሱ ምግብ አይገባም፤ ቲም ሆናችሁ ሁለታችሁም የምትነዱ ከሆነ ግን ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ይሰላል። ሎጋችሁን ሳያይ ለሁሉም ሰው «300 ቀን» ብሎ የሚጽፍ ሰው እየረዳችሁ አይደለም። የሎጉና የታክሱ ቁጥር ካልገጠመ መጀመሪያ የሚያስጠይቃችሁ ያ ልዩነት ነው።

ባለፉት ዓመታት 1099 እያላችሁ ፐር ዲየም ሳይገባላችሁ የቀረ ካላችሁ 1040-ኤክስ በሚባለው ፎርም ማስተካከል ይቻላል፤ ጊዜው በአጠቃላይ ካስገባችሁበት ጀምሮ 3 ዓመት ነው። የ2022ቱ በኤፕሪል 2026 አጋማሽ ላይ ያበቃባችኋል፣ ስለዚህ ቶሎ በሉ። ለዚያ ዓመት የሚያዘው ተመን 69 ዶላር ነው። ሎጉ ከጠፋ የሴትልመንት (የሎድ ክፍያችሁ ዝርዝር) ወረቀት፣ የነዳጅ ደረሰኝ፣ የቶል መግለጫና የሎድ ወረቀቶችን ሰብስባችሁ አምጡ፤ ከእነሱ ቀን በቀን ማውጣት ይቻላል፣ አድካሚ ነው እንጂ።

ለ2025 የምንፈልገው ይህ ነው፦ የዓመቱን ሎግ፣ ሁሉንም 1099 እና ደብሊው ቱ፣ ከአገር የወጣችሁበትን ቀን የሚያሳይ ቲኬት ወይም ፓስፖርት፣ የኪራይ ወይም የሞርጌጅ ማስረጃ። የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 15 ቀን 2026 ነው፤ ለእኛ ግን እስከ ማርች መጀመሪያ ድረስ ቢደርሰን ቀን በቀን ተረጋግተን እንቆጥርላችኋለን። መንገድ ላይ ያላችሁ ቢሮ መምጣት አይጠበቅባችሁም፣ በኢሜይል ላኩልን። ሎጉን በፒዲኤፍ ይሁን፤ የስልክ ስክሪን ፎቶ ከሆነ ቀኑ እየተቆረጠ አይነበብልንም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሒሳብና የታክስ ቢሯችሁ