ሶሌታችሁን አትክልት ከማልበሳችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ «ጣሪያችን ላይ አትክልት ብናለማስ?» እያላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የሚያዝያን ቀትር ባዶ ሶሌታ (ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ) ሥር ያሳለፈ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አፈርና ቅጠል ሙቀቱን ያበርዳሉ። የክረምቱንም ውሃ ይዘው ቀስ እያሉ ይለቁታል።

ብዙ ሰው ግን ከአበባው ይጀምራል። እኛ የምንጀምረው ከክብደቱ ነው።

ውሃ የጠጣ ተራ አፈር በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢነጠፍ፣ በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 200 ኪሎ ይመዝናል። 50 ካሬ ላይ ከ8 እስከ 10 ቶን መጣ ማለት ነው። 2,000 ሊትር የሚይዘው ሮቶም ሲሞላ ብቻውን 2 ቶን ነው፤ እሱንም ደምሩት። ስለዚህ መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ የስትራክቸር ፕላኑን (የቤቱን የምሰሶና የብረት አሠራር የሚያሳየውን ንድፍ) ነው። ከሌለ መሐንዲስ መጥቶ ይይልን። ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት ከሆነ ግን አንሠራም፤ በረንዳው ፊት ዳስ ጥላችሁ ሐረግ ብታለብሱት ይሻላችኋል።

ለአብዛኛው ቤት የምንመክረው የአፈሩ ውፍረት ከ8 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ስስ ዓይነት ነው። ቁጥቋጦና ጎመን የሚያበቅለው ወፍራሙ ዓይነት ከመጀመሪያው ታስቦበት የተሠራ ሕንፃ ይፈልጋል። አፈሩም ከማሳ የሚጫን አይደለም። በተለይ ዋልካ እንዳታወጡ! ክረምት ይጨቀያል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ማፍሰሻውንም ይደፍናል። እኛ የምንጠቀመው ተፈጭቶ የተነፋ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ነው።

ከአፈሩ በፊት ሶሌታው ላይ በሚለበጠው ውሃ መከላከያ አንደራደርም። አንድ ጊዜ ቸኩለን ሳንፈትሽ አፈር አለበስን። ሐምሌ ላይ ሳሎን ውስጥ ጠብታ ወረደ። ቀዳዳዋን ለማግኘት አፈሩን በሙሉ በአካፋ መልሰን አወረድነው። የቤቱ እመቤት ባልዲ ይዘው የቆሙበት ቀን አይረሳንም። ከዚያ ወዲህ ማፍሰሻውን ደፍነን፣ ሶሌታው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ሞልተን፣ ሁለት ቀን ሙሉ እናሳድራለን። ለዚህም ሶሌታው ቢያንስ 50 ኪሎ በካሬ መሸከሙን አስቀድመን እናረጋግጣለን። ከሥር ጠብታ ካልታየ ብቻ የተክል ሥር የማያሳልፈውን ንጣፍ፣ ውሃ የሚያፈሰውን ንጣፍ፣ ማጣሪያ ጨርቁን፣ ከዚያ አፈሩን እንደርባለን። በጠርዙና በማፍሰሻው ዙሪያ ጠጠር ብቻ ይሆናል።

ተክሉን ከአካባቢያችን ምረጡ። እሬትና እንዳሁላ በጋውን ይችሉታል። ደብረ ማርቆስ ላላችሁ ደግሞ ጦስኝ ብርዱን ይወደዋል። የአደይ ዘር ብትበትኑ መስከረም ላይ ትፈካላችኋለች። የሾላና የዋርካ ችግኝ ስታዩ ግን ወዲያው ንቀሉ። ወፍ ዘሩን ታመጣዋለች፤ ሥሩ ኮንክሪት ይሰነጥቃል።

ጊዜውን በተመለከተ፦ ውሃ መከላከያውን ከጥር እስከ ሚያዝያ እንሠራለን፤ ተክሉ ሰኔ ላይ ይገባል፣ ዝናቡ ራሱ ያሳድገዋል። የመጀመሪያውን በጋ ግን ውሃ ማጠጣት የእናንተ ድርሻ ነው። የቧንቧ ውሃ ጣሪያው ድረስ የማይወጣላችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩን፤ ዲዛይኑ ላይ እናስገባዋለን።

ስትመጡ ፕላኑን፣ የጣሪያውን ፎቶና የማፍሰሻውን ብዛት ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጣሪያ አትክልት ሥራ ቡድናችሁ፣ ባሕር ዳር