«ዛሬ» ስትሉ በየትኛው አቆጣጠር?

ለአዘጋጁ፣

«ዛሬ በታሪክ» የሚለውን ዓምዳችሁን ሳላነብ አልውልም። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አትነግሩንም።

እንግሊዛዊው ደራሲ ሼክስፒርና ስፔናዊው ደራሲ ሰርቫንቴስ «በአንድ ቀን ሞቱ» ሲባል ስንቴ ሰምተናል? ሁለቱም ኤፕሪል 23 ቀን 1616 ይባላል። እንግሊዝ ግን ያኔ በአሮጌው የጁልያን ካላንደር ነበረች፤ ስፔን ወደ ጎርጎርዮሳዊው ከተሻገረች ቆይታለች። ስለዚህ የሁለቱ አገር ኤፕሪል 23 በ10 ቀን ይራራቃል። በአሮጌው አቆጣጠር በኦክቶበር የዋለው የሩሲያው «የጥቅምት አብዮት»ም ለአብዛኛው አውሮፓ ኖቬምበር 7 ነበር።

እውነተኛ ግጥምጥሞሽ ካማራችሁ ጁላይ 4 ቀን 1826 አለላችሁ። የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ 50ኛ ዓመቱን የደፈነበት ዕለት ነው። አዋጁን ያረቀቁት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን እኩለ ቀን አካባቢ አረፉ። እንደሳቸው የቀድሞ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን አዳምስ ይህን ሳይሰሙ፣ «ቶማስ ጄፈርሰን አሁንም አለ» እንዳሉ ይነገራል፤ አመሻሹ ላይ እሳቸውም ተከተሉ። ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላው ፕሬዚዳንት ሞንሮ፣ በዚያው ጁላይ 4! ልብ ወለድ ቢሆን ማን ያምናል?

እባካችሁ ከቀኑ ጎን አቆጣጠሩን ጻፉልን። ቦታ ከጠበበ የዝነኞቹ ልደት ይቀነስ።

የዘወትር አንባቢያችሁ